አሮጌዋን ላፕቶፕ ከመጣላችን በፊት

የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ለልጃቸው ላፕቶፕ ለመግዛት ወለድ እስከ ማሰብ የደረሱ ወላጆች እናውቃለን። አላህ ይጠብቀን! ቤት ያለችው አሮጌ ላፕቶፕ ግን ብዙ ጊዜ የምትንቀረፈፈው በሚሽከረከረው ሀርድ ዲስኳ የተነሣ ነው። እርሱ ወጥቶ ባለ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲ ሲገባ፣ ለመከፈት ደቂቃዎች የምትፈጀው ማሽን በሰከንዶች ትከፈታለች። ራሟ 4 ጊጋባይት ከሆነም ወደ 8 ማሳደግ ይጠቅማል፤ ዲዲአር3 በዲዲአር4 ቦታ እንደማይገባ ግን ልብ እንበል። በአንዳንድ ርካሽ ላፕቶፖች ሁለቱም ከቦርዱ ጋር የተበየዱ ስለሆኑ፣ ዕቃ ከመግዛታችን በፊት ባለሙያ ከፍቶ ይያት።

የወጣውን ዲስክ ለጠጋኙ ትተን አንሂድ። የእናቶቻችንና የእኅቶቻችን ፎቶ አለበት፤ የጠፋ የመሰለን ፎቶም በቀላል ፕሮግራም ተመልሶ ሊወጣ ይችላል።