ስለ ጓያ መርዝና ስለ ግሉታሚክ አሲድ

የሰው ገላ ከሚገነባባቸው 20 አሚኖ አሲዶች አንዱ ግሉታሚክ አሲድ ይባላል። በ1866 ዓ.ም. በፈረንጆች አቈጣጠር ሪትሃውዘን የተባለ የጀርመን ሊቅ ከስንዴ አወጣው። የተሠራውም ከ5 የካርቦን፣ ከ9 የሃይድሮጅን፣ ከ1 የናይትሮጅንና ከ4 የኦክሲጅን አተሞች ነው፤ ጣዕሙም ኮምጣጣ ነው። ሊቃውንት «አስፈላጊ ያልኾነ» ብለው መሰየማቸው ገላ ራሱ ስለሚሠራው ነው እንጂ የማይረባ ስለ ኾነ አይደለም፤ ስሙ አሳሳች ነው። ከነርቭ ወደ ነርቭ መልእክት የሚያደርሰው እርሱ ነውና።

ጓያም በፍሬው ውስጥ ኦዳፕ የሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ አለው፤ ይህንም በ1964 የሕንድ ሊቃውንት ለይተው አገኙት። መልኩ ግሉታሚክ አሲድን ስለሚመስል፣ በሐሰተኛ ማኅተም እንደ ገባ መልእክተኛ ኾኖ ነርቩን ያለ ዕረፍት ይቀሰቅሰዋል፤ በዚህም እግርን የሚያዙት ነርቮች ይጎዳሉ። የታመመውም ሰው ጕልበቱ ይታጠፋል፣ በጣቶቹ ጫፍ ይራመዳል፣ በትርም ይይዛል። የሚያድነው መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ይልቁንም የሚያጠቃው ወጣቶች ወንዶችን ነው። ከ1995 እስከ 1999 በወሎ በደላንታ ዳውንት ወደ 2000 የሚደርስ ሰው በዚህ በሽታ ተመትቷል።

ታዲያ ጓያ አይዘራ ተብሎ ቢታዘዝስ? ጓያ ክረምት ሲወጣ በዋልካ መሬት ላይ ይዘራል፤ ሌላው ሰብል በድርቅ ሲጠፋ እርሱ ይቆማል። ገበሬው ክፋቱን ያውቃል፤ የሚበላውም ሌላ ስላጣ ነው። ስለዚህ ባዶ ክልከላ ቤተ ሰቡን ከሽባነት ወደ ረኃብ ያዛውረዋል። ደግሞም ጥቂት ጓያ ከሌላ ምግብ ጋር ቢበላ አያሰናክልም፤ የሚያሰናክለው ለወራት ዋና ምግብ ሲኾን ነው።

ኦዳፕ በውሃ ይሟሟል፤ ስለዚህ ጓያውን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም። ከዚህ የሚበልጠው ከእህል ጋር መደባለቅ ነው። ጤፍና ስንዴ፣ ጓያ የሚያንሰውን ድኝ ያለበትን አሚኖ አሲድ ይሞላሉ። በደላንታ በተደረገው ምርመራ በቆሎ፣ በንፍሮና በእሸት መልክ መብላት አደጋውን አብዝቶ ተገኝቷል።

የወረዳው ሹም በገበያ ቀን የጤፍን ዋጋ ይመርምር፤ ድኻው ጤፉን ትቶ ጓያ ብቻ ሲሸምት ባየ ጊዜ፣ በትር የያዘ ሰው እስኪታይ ሳይጠብቅ የእርዳታ እህል ይጠይቅ።