«መቶ ሜጋ» ሲሉን የሚሸጡልን ምንድን ነው?

በሬሆቮት ቂርያት ሞሼ ሰፈር የሚኖሩ ወላጆች እንዲህ ይሉናል፦ «የምንከፍለው ለመቶ ሜጋ ነው፤ ልጁ ፋይል ሲያወርድ ግን ኮምፒውተሩ 12 ብቻ ያሳያል። ተታለልን ወይ?»

አብዛኛውን ጊዜ አልተታለላችሁም። የተለያየው መስፈሪያው ነው። ኩባንያዎች ፍጥነትን የሚናገሩት በሜጋቢት ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚወርደውን ፋይል ብዙ ጊዜ የሚቆጥረው በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ፣ 100 ለ8 ሲካፈል 12.5 ይሆናል። ሻጩ በጣሳ ሰፍሮ፣ ገዢው በቁና እንደ መቁጠር ነው። ሁሉም «ሜጋ» ብሎ ስለሚያቆም ልዩነቱ አይሰማም። በስልክ ውል ላይ ያለው «50 ጊጋ» ደግሞ ፍጥነት አይደለም፤ በወር ውስጥ የሚፈቀድላችሁ መጠን ነው።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ሻጮች በቶሎ የሚያልፉት ሌላ ቁጥር ነው። ከኢንተርኔት ወደ ቤት የሚገባው «ሆራዳ»፣ ከቤት የሚወጣው «ሃዓላአ» ይባላል። አንድ ጊጋባይት የሆነ የሠርግ ቪዲዮ በ100 ሜጋቢት መስመር በ80 ሰከንድ ገደማ ይወርዳል። ያንኑ ቪዲዮ ጎንደር ላሉ ዘመዶች እንላክ ብትሉ፣ የሃዓላአው ፍጥነት 5 ብቻ ከሆነ 27 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በዙም የሚማር ልጅ ምስሉ የሚቆራረጠውም አንዳንዴ በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ሁለቱንም ቁጥሮች በጽሑፍ ጠይቁ።

«ሲቪም፣ 1000 ሜጋ» ሲባልም አትቸኩሉ። ጥራት ያለው ፊልም ለማየት 5 ሜጋቢት ገደማ ይበቃል፤ ቴሌቪዥን ለሚያዩና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር በቪዲዮ ለሚነጋገሩ ሁለት አረጋውያን 1000 ትርፍ ነው። ማማድ ውስጥ ዋይፋይ የሚደክመው ደግሞ ወፍራሙ ኮንክሪት ስለሚያዳክመው ነው። በዚህ ጊዜ ውድ ውል ከመግባት የራውተሩን ቦታ መለወጥ ይሻላል።

በስልክ ተነጋግራችሁ ተስማምታችሁ ከሆነስ? በእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ መሠረት እንዲህ ያለውን ውል በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ ይቻላል። ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ለአካል ጉዳተኞችና ከመጡ አምስት ዓመት ላልሞላቸው ዓሊያዎች ጊዜው አራት ወር ነው። ስረዛውን በጽሑፍ ላኩ፤ ቅጂውንም አስቀሩ።