የሐሰት ቃል ስንቅ

ሐሰት በትልቅ ጕዳይ ብቻ የምትገለጥ ትመስላለች፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ወደ ሰው ልብ የምትገባው ትንሽና ጣፋጭ ቃል ሆና ነው። ይህንን ነገር ሳቅንና ኀዘንን አስተባብረው ከሚያሳዩት የሲኒማ ሥራዎች አንዱ፥ ሚሎሽ ፎርማን የተባለው የቼክ ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1965 ያወጣው «የአንዲት ወርቃማ ጠጕር ልጃገረድ ፍቅሮች» የተሰኘው ፊልም ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው በዚያን ጊዜ ቼኮስሎቫክያ ይባል በነበረው አገር፥ በሳዛቫ ወንዝ ዳር ባለችው በዝሩች ከተማ ነው። በዚያ ያለው የጫማ ፋብሪካ ሠራተኞች አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች በመሆናቸው፥ በፊልሙ ለአንድ ወንድ 16 ሴቶች ይደርሱታል። የፋብሪካው ሹም ለልጃገረዶቹ አዝኖ በከተማዪቱ ወታደር እንዲሰፍር የጦር አለቆችን ይለምናል። ልመናውም ተፈጸመለት፤ ዳሩ ግን በባቡር የመጡት የተጠበቁት ጐበዛዝት ሳይሆኑ፥ ዕድሜያቸው የገፋና ብዙዎቹም ባለትዳር የሆኑ የተጠባባቂ ጦር ሰዎች ነበሩ። በጭፈራው ምሽት ከእነርሱ አንዱ የጋብቻ ቀለበቱን አውልቆ ሊሸሽግ ሲል ቀለበቱ አምልጦት በአዳራሹ ወለል ላይ ይንከባለላል፤ እርሱም በሰው እግር መካከል እየዳኸ ያሳድደዋል። አፉ የደበቀውን ቀለበቱ ተናገረበት።

አንዱላ የተባለችው ልጃገረድ ከእነዚህ ሰዎች ብታመልጥም፥ ሚልዳ ከሚባለው ከፕራግ ከመጣው ወጣት ፒያኖ መቺ አላመለጠችም። እርሱ በፕራግ ሌላ ወዳጅ እንደሌለችው ደጋግሞ ነገራት፤ እርሷም አመነችው። በኋላም የሠራተኞቹ ማደሪያ ኀላፊ ልጃገረዶቹን ሰብስባ ስለ ክብራቸው ትመክራቸዋለች፤ ምክሩንም በድምፅ ታስወስናለች። እጅ ይወጣል፤ ጕዳዩም ያለቀ ይመስላል። አንዱላ ግን ሻንጣዋን አንሥታ ወደ ፕራግ ትጓዛለች።

ስንቋ የሚልዳ ቃል ብቻ ነበር፤ «ስንቅና ሐሰት እያደር ይቀላል» እንደሚባለውም፥ ከደጁ ስትደርስ ስንቋ አልቆ ነበር። ወላጆቹ ከቶ አያውቋትም። ልጁ በሌሊት ሲገባ እናቱ ከልጅቱ አጠገብ እንዳያድር ወደ መኝታቸው ትወስደዋለች፤ ሦስቱም ባንድ አልጋ ላይ ብርድ ልብስ እየተጓተቱ ይከራከራሉ። ተመልካቹ በዚህ ሲስቅ፥ አንዱላ በበሩ ማዶ ሆና ሁሉን እየሰማች ታለቅሳለች።

የታሪኩ መነሻ እውነተኛ ነገር መሆኑን ፎርማን ተናግሯል፤ አንድ ሌሊት በፕራግ ሻንጣ የያዘች ልጃገረድ አግኝቶ ቢጠይቃት፥ የመጣችው አንድ ሰው የሰጣትን የሐሰት አድራሻ ይዛ ኖሯል። ወላጆቹን ሆነው የሠሩትም ተዋናይነት ሙያቸው ያልነበረ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ጠባቸው በየቤቱ የሚሰማውን ይመስላል። ፊልሙ ለአሜሪካ የኦስካር ሽልማት በውጭ ቋንቋ ፊልሞች ክፍል ታጭቶ ነበር። ፎርማንም የሶቪየት ጦር በ1968 አገሩን ከወረረ በኋላ በአሜሪካ ኖሮ፥ በ1975 እና በ1984 ባወጣቸው ፊልሞች የኦስካርን ሽልማት አግኝቷል፤ በ2018 ዐረፈ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የታሪኩ መጨረሻ ነው። አንዱላ ወደ ማደሪያዋ ተመልሳ፥ የሚልዳ ወላጆች በደግነት እንደ ተቀበሏትና ወደ ፕራግ ብዙ ጊዜ እንደምትሄድ ለጓደኛዋ ታወራለች። የተታለለችው ልጅ ኀፍረቷን ለመሸፈን ራሷ ሐሰት ተናገረች፤ የሚልዳ ሐሰት በሁለተኛ አፍ ተደገመች። ሹሙ በቁጥር፥ ኀላፊዋም በድምፅ ብልጫ ሊያቃኑት የሞከሩት ነገር በቁጥርም በድምፅም አልቀና። የተጐዳ ሰው እውነቱን ያለ ኀፍረት የሚናገርለት አድማጭ ካላገኘ፥ የአታላዩን ሥራ ሳይወድ ይፈጽምለታልና፤ ሰውን የሚያስተዳድርም ሆነ የሚመክር ሁሉ ከውሳኔው አስቀድሞ ጆሮውን ማዘጋጀት ይገባዋል።