ትልልቅ ተዋንያንን ኪስ ሳይጎዱ ለማየት

ድሬዎች፣ ቴአትር አዘጋጅ ነኝና ዋጋው ከየት እንደሚመጣ ላስረዳ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ቴአትር የተዋንያኑን ትራንስፖርት፣ አልጋና አበል፣ የዲኮሩን ጭነት፣ የአዳራሹን ኪራይ በአንድ ሁለት ምሽት መመለስ አለበት። ትኬቱ የሚወደደው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው ብሔራዊ ቴአትርም ሆነ በሀገር ፍቅር ቴአትር፣ አንድ ቴአትር በሳምንት ቋሚ ቀን ይዞ ለወራት ስለሚታይ ወጪው ይከፋፈላል፣ ትኬቱም ይቀንሳል። ለጉዳይ ወደዚያ ስትሄዱ ቴአትሩ የሚታይበትን ቀን ቀድማችሁ ጠይቁ።

እዚሁ ድሬዳዋ ስታዩ ደግሞ ትኬት በቡድን ግዙ። ከመሥሪያ ቤት ወይም ከዕቁብ ጓደኞቻችሁ ጋር ሃያ ሠላሳ ሆናችሁ ቀድማችሁ ከከፈላችሁ አዘጋጁ ስጋቱ ይቀልለታል፤ ስለዚህ ቅናሽ ጠይቁት፣ አትፈሩ። ፖስተሩ ላይ ያለው ተዋናይ ራሱ መምጣቱንም አረጋግጡ፤ በእሱ ቦታ ተተኪ የሚጫወትበት ጊዜ አለ። በቴሌብር ከከፈላችሁ የማረጋገጫ መልእክቱን እስክትገቡ አታጥፉት።