ክፍት የቀዶ ሕክምና ቦታ ተገኘ ሲባል

ባለፈው ሰሞን በሕክምና ፋኩልቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የሆነ ጓደኛችን አንድ ማስታወቂያ በወረቀት አትሞ ወደ መኝታ ክፍላችን መጣ። በአሜሪካ በሚገኝ አንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል የሁለተኛ ዓመት የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ቦታ ክፍት ሆኗል ይላል። ደስታው ወሰን አልነበረውም። እኛ ግን ነገሩን ስንመረምረው «ክፍት» የምትለው ቃል ብዙ ነገር የምትሸፍን ሆና ስላገኘናት፣ የተረዳነውን ለጓደኞቻችን ለመግለጽ ወደድን።

እንደሚታወቀው በዚያ አገር የሬዚደንት ቦታ በአብዛኛው የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1952 በተጀመረው «ማች» በሚባለው የምደባ ሥርዓት ነው። አመልካቹ ሆስፒታሎቹን፣ ሆስፒታሎቹም አመልካቾቹን በምርጫቸው ቅደም ተከተል ይጽፋሉ፤ ኮምፒዩተር ያገናኛቸዋል፤ ውጤቱም በማርች ወር በሦስተኛው ዓርብ ይታወቃል። ሳይመደብ የቀረ ሰው በዚያው ሳምንት ለተረፉት ቦታዎች ያመለክታል።

ክፍት ቦታ የሚባለው ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። የአጠቃላይ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና አምስት ዓመት ይፈጃል፤ በመካከሉ አንዱ ይታመማል፣ አንዱ ሙያ ይለውጣል፣ አንዱም ይሰናበታል። የሌሊቱ ተረኝነት ግን ሰው ጎደለ ብሎ አይቀርም፤ ስለዚህ ሆስፒታሉ ምትክ ይፈልጋል። የሚፈልገውም የመጀመሪያውን ዓመት እውቅና ባለው ሥልጠና የፈጸመ፣ ከቀድሞ ኃላፊው የምስክር ደብዳቤና የሠራቸውን ቀዶ ሕክምናዎች መዝገብ የሚያቀርብ ሰው ነው። ጓደኛችን ይህን ሲሰማ ዝም አለ። እርሱ ገና አልተመረቀም!

ከዚህ የሚብሰው ጉዳይ የቦታው ዓይነት ነው። «ካተጎሪካል» የተባለው እስከ አምስተኛው ዓመት ያደርሳል። «ፕሪሊሚነሪ» የተባለው ግን የአንድ ዓመት ውል ነው፤ ሰውየው እንደ ጓደኞቹ ሌሊቱን ቆሞ ያድራል፣ ቁስል ያጥባል፣ ይሰፋል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ግን ሻንጣውን ያነሣል። ከእኛ ቀድሞ የተመረቀ አንድ ታላቅ ወንድማችን አንዱን ዓመት እንዲህ ፈጽሞ፣ አሁን በሌላ ሆስፒታል ሁለተኛውን ዓመት በዚሁ ዓይነት ውል ይዟል። ለስፔሻሊስትነት ፈተና ለመቀመጥ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት በአንድ ሥልጠና ውስጥ መፈጸም ግዴታ ስለሆነ፣ ከቦታ ቦታ እየዞሩ መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ ከደመወዙና ከከተማው አስቀድሞ «ይህ ቦታ እስከ መጨረሻው ያደርሳል ወይ?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ መቀበል ይገባል። መጠየቅ ነውር መስሎን ስንቱን ዝም ብለን አሳልፈናል!

ከአገራችን ለሚሄድ ሐኪም ሌላም አለ። በውጭ አገር የተመረቁትን የሚመረምረው ኢ.ሲ.ኤፍ.ኤም.ጂ. የሚሰጠው ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ይኸውም ሁለት የሕክምና ፈተናዎችንና የእንግሊዝኛ ችሎታን ይጠይቃል። የመጀመሪያው ፈተና እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ አለፈ ወይም ወደቀ ከማለት በቀር ነጥብ ስለማይሰጥ፣ ክብደቱ ወደ ሁለተኛው ዞሯል። በጄ-1 ቪዛ የሄደም ሥልጠናውን ሲጨርስ በመሠረቱ ሁለት ዓመት አገሩ ተመልሶ መቀመጥ አለበት። በድንገት የተከፈተ ቦታ ሳምንታት እንጂ ወራት አይጠብቅምና፣ ወረቀቱን ያላሟላ ሰው ማስታወቂያውን ከማንበብ አያልፍም።

ጓደኛችን ማስታወቂያውን አልጣለውም፤ ለታላቅ ወንድማችን ላከለት። እርሱም አስቀድሞ የጠየቀው ያንኑ ጥያቄ መሆኑን ጽፎልናል። መልሱ ገና አልመጣለትም።