የማይነቃነቅ እብጠት፦ የከብት መንጋጋ አጥንት በሽታ በካፋ

የመንጋጋ አጥንት እብጠት፣ በእንስሳት ሕክምና አጠራሩ አክቲኖማይኮሲስ፣ የከብትን መንጋጋ ከውስጥ እየቦረቦረ ወደ ውጭ የሚያሳብጥና ለወራት በዝግታ የሚያድግ የአጥንት በሽታ ነው። መንሥኤው አክቲኖማይስስ ቦቪስ የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን፣ ጀርመናዊው ኦቶ ቦሊንገር እ.ኤ.አ. በ1876 ከገለጸው በኋላ ካርል ሃርዝ በቀጣዩ ዓመት ስያሜውን ሰጥቶታል። ስያሜው ከግሪክኛ ተወስዶ «የጨረር ፈንገስ» የሚል ትርጉም የያዘው፣ በመግሉ ውስጥ ያለው የተህዋሲው ክምችት በአጉሊ መነጽር ሲታይ ከመሐል ወደ ዳር እንደ ፀሐይ ጨረር የተዘረጋ ስለሆነና በዘመኑም እንደ ፈንገስ ይቆጠር ስለነበር ነው። ባክቴሪያ መሆኑ ከተረጋገጠ ወዲህ ፈንገስነቱ በስሙ ላይ ብቻ ቀርቷል።

ይህ ባክቴሪያ ከውጭ የሚመጣ እንግዳ አይደለም፤ በጤነኛ ከብት አፍ ውስጥ ምንም ሳያደርግ ይኖራል። ጉዳት የሚያደርሰው ድዱ ወይም የጉንጩ ውስጠኛ ክፍል ሲቆስል ወይም ጥርስ ሲነቀልና ሲተካ በተከፈተው ቀዳዳ ገብቶ አጥንቱን ሲያገኝ ነው። በካፋ ዞን፣ በቦንጋ ዙሪያና በአጎራባች ወረዳዎች፣ ከብቱ ዝናብ በሚበዛባቸው ወራት ለምለም ሣር ሲግጥ ይቆይና ሣሩ ሲያንስ የበቆሎ አገዳ፣ የጤፍ ጭድ፣ በደጋውም የገብስ ጭድ ይቀርብለታል። የደረቀ አገዳ ስንጥርና የገብስ ጢም ድድን የሚወጉ በመሆናቸው፣ ለባክቴሪያው በር የሚከፍቱት ከብቱን ለማኖር የሚቀርቡለት እነዚሁ መኖዎች ናቸው። ዞኑ በእንስሳት ሀብቱ በይበልጥ በቦንጋ በግ ቢታወቅም፣ ይህ በሽታ በግን እምብዛም አይነካም፤ በዋናነት የከብት ነው።

በሽታው ሲጀምር ብዙውን ጊዜ በታችኛው መንጋጋ ጎን፣ በመካከለኞቹ የመንጋጋ ጥርሶች ትይዩ፣ ለውዝ የምታህል ጠንካራ እብጠት ትታያለች፤ ከብቱም በዚህ ደረጃ እንደ ወትሮው ስለሚበላና ስለሚያመሰኳ ባለቤቱ ቸል ሊላት ይችላል። እብጠቱ ለሳምንታትና ለወራት እያደገ ሲሄድ አጥንቱ በውስጡ እንደ ማር እንጀራ ይቦረቦራል፤ ቆዳው በአንድ ወይም በብዙ ቦታ ይበሳና የሚያጣብቅ፣ ቢጫ፣ ማር የሚመስል መግል ይወጣዋል። ጥርሶቹ መላላት ሲጀምሩ ከብቱ ማኘክ ያቅተዋል፣ ምራቁን ያዝረከርካል፣ ያኘከውንም መኖ ከአፉ ይጥላል፤ በመጨረሻም መኖ በፊቱ እያለ ይከሳል።

በካፋ ከዚህ በሽታ ይልቅ ተዘውትሮ የሚታየው ሌላ የመንጋጋ እብጠት በመኖሩ ሁለቱን መለየት ከምንም ይቀድማል። ረግረግና እርጥበት በበዛበት ቦታ የሚሰማራ ከብት በጉበት ትል ሲጠቃ ደሙ ስለሚሳሳ ከአገጩ ሥር ውኃ ይቋጥራል፤ ይህ እብጠት ለስላሳ ሲሆን በጣት ሲጫኑት ጎድጎድ ብሎ ይቆያል፤ ሕክምናውም የጉበት ትል መድኃኒት እንጂ የአጥንት መድኃኒት አይደለም። በእሾህ ውጋት የሚመጣ ተራ እባጭ ደግሞ ሲነኩት ይሞቃል፣ ያማል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ይለሰልሳል። በመንጋጋና በጉንጭ መካከል የተጠቀጠቀ መኖ ከውጭ ሲታይ እብጠት ቢመስልም አፉን ከፍቶ በማየት ይለያል። «የእንጨት ምላስ» የሚባለው በሽታም የቅርብ ዘመድ ነው፤ ነገር ግን በሌላ ባክቴሪያ የሚመጣ ሆኖ አጥንትን ሳይሆን ምላስንና ሌላ ለስላሳ አካልን ያደድራል፣ ለሕክምናም ፈጥኖ ይታዘዛል። የመንጋጋ አጥንት በሽታ ከሁሉም የሚለይበት ምልክት አለመነቃነቁ ነው፤ ከብቱ በአግባቡ ተይዞ መዳፍ እብጠቱ ላይ አርፎ ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፋ፣ ገና ካልተበሳ ቆዳው በላዩ ይንሸራተታል፣ እብጠቱ ግን የአጥንቱ አካል ስለሆነ ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

እብጠቱ ፈርጦ ከሆነ ለማረጋገጥ ሌላ መንገድ አለ። ጥቂት መግል በንጹሕ ዕቃ ተቀብሎ በውኃ በዝግታ ሲታጠብ፣ ከሥር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚደርሱ፣ እንደ አሸዋ በጣት የሚሻክሩ ቢጫ ቅንጣቶች ይዘቅጣሉ። ባለሙያው ቅንጣቷን በሁለት መስታወት መካከል ጨፍልቆ በአጉሊ መነጽር ሲያያት ያ ስሙን ያወጣለት የጨረር ቅርጽ ይገለጣል። መግሉን የሚነካ ሰው ጓንት ማድረግና እጁን መታጠብ ይገባዋል።

ለሕክምናው ዋናው መድኃኒት ሶዲየም አዮዳይድ የተባለው የአዮዲን ጨው ነው። በአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 70 ሚሊ ግራም ታስቦ፣ በ10 በመቶ ብጥብጥ መልክ በደም ሥር በዝግታ ይሰጣል፤ ይህም ማለት 250 ኪሎ ግራም ለሚመዝን በሬ 17.5 ግራም፣ ወይም 175 ሚሊ ሊትር ብጥብጥ ነው። ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋን ስለሚጎዳ መስጠት ያለበት ባለሙያ ነው። መድኃኒቱ በየ7 እስከ 10 ቀኑ የሚደገም ሲሆን፣ የከብቱ ዐይን ሲያነባ፣ ቆዳው እንደ ፎረፎር ሲቀረፍ ወይም የመብላት ፍላጎቱ ሲቀንስ አዮዲኑ እንደ በዛበት ታውቆ ይቋረጣል። እርጉዝ ላምን ሊያስወርድ ይችላል ተብሎ ስለሚሰጋም እርግዝናዋ አስቀድሞ ለሐኪሙ መነገር አለበት። ከአዮዲኑ ጎን ለጎን ፔኒሲሊንን ወይም ኦክሲቴትራሳይክሊንን የመሰሉ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ይታዘዛሉ፤ ባክቴሪያው በደደረ አጥንት ውስጥ ስለተሸሸገ ግን የአንድ ቀን መርፌ አይበቃውም፣ የታዘዘው ሁሉ ማለቅ አለበት። መድኃኒቱ ከሰውነት እስኪወጣ ድረስም ወተቱና ሥጋው ለምግብ አይውሉም።

ከዚህ ሕክምና የሚጠበቀው የበሽታውን ጉዞ ማስቆም ነው፤ አንዴ ያበጠ አጥንት ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም። በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የተለመደው እብጠትን በጋለ ብረት መተኮስም ሆነ በምላጭ መብጣት ለዚህ በሽታ አይረዳም፤ መተኮሱ ቆዳን ሲያቆስል በሽታው ከሥር በአጥንቱ ውስጥ ይቀጥላል፣ የተበጣው ቦታም ለሌላ ተህዋሲ መግቢያ ይሆናል። መግል የሚፈሰው ከብት ሌሎቹ የሚበሉበትን ገንዳ ስለሚበክል ለብቻው መመገብ ይኖርበታል። መከላከያው ከመኖው ይጀምራል፤ አገዳውን አሳጥሮ መከታተፍና በውኃ ማራስ፣ ጢም የበዛበትን ጭድ ለብቻው መስጠትን መተው፣ በካፋ ጓሮ የማይጠፋውን ለስላሳ የእንሰት ቅጠል መቀላቀል የከብቱን ድድ ያድናል።

ጥርሱ ላልቶ ማኘክ ያቃተውን ከብት ማከም ብዙ ጊዜ ወጪ ብቻ ነው፤ እብጠቱ ገና ትንሽ ሳለ የተያዘው ግን አጥንቱ እንዳበጠም ቢሆን ለዓመታት ሊያርስና ሊታለብ ይችላል። ስለዚህ ባለ ከብት በሬውን ሲጠምድ ወይም ላሟን ሲያልብ የከብቱን መንጋጋ በመዳፉ ዳሰስ ያድርግ፤ የማይነቃነቅ እብጠት ካገኘም ብረት ከማጋሉ በፊት በአቅራቢያው ወደሚገኘው የእንስሳት ክሊኒክ ይውሰደው።