የንብረት ሕግ ጀማሪ ተመራማሪዎችን ስለ ማስተሳሰር፤ ጉዳዩ ከጎበሳ ሲታይ

በአርሲ ደጋ፣ በሽርካ ወረዳ ዋና ከተማ በጎበሳ አንድ የእርሻ መሬት ኪራይ ክርክር ቢነሣ ጉዳዩ በሦስት ቋንቋዎች ሊያልፍ ይችላል። የወረዳው ፍርድ ቤት የሚያከራክረውና የሚወስነው በአፋን ኦሮሞ ነው። ክርክሩ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከደረሰ ውሳኔው በአማርኛ ይጻፋል። ስለ ውሳኔው የሚመራመር የሕግ መምህር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉን የሚያሳትመው በእንግሊዝኛ ነው። ስለሆነም ተከራካሪው ገበሬ ስለ ራሱ ጉዳይ የተጻፈውን አያነብም፤ ጸሐፊውም የመጀመሪያውን መዝገብ ሳያይ ሊቀር ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በንብረት ሕግ ላይ ምርምር የሚጀምሩ ወጣቶች ይህን ርቀት ለማጥበብ እንዴት ሊተሳሰሩ እንደሚችሉ ማስረዳት ነው።

ሕጉ ራሱ ለብቸኛ አጥኚ አስቸጋሪ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስተኛ መጽሐፉን ለንብረት ሰጥቶአል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን ደነገገ። ይሁን እንጂ የፍትሐ ብሔሩ የንብረት ክፍል በጠቅላላው አልተሻረም። ለምሳሌ አንቀጽ 1168 የማይንቀሳቀስ ንብረትን ግብር ለ15 ተከታታይ ዓመታት የከፈለ ባለይዞታ ባለሀብት እንዲሆን ይፈቅዳል። መሬት የግል ሀብት በማይሆንበት አገር ይህ ድንጋጌ ለምን ለምን ንብረት ይሠራል? መልሱ በአንድ መጽሐፍ ተጠቃልሎ አይገኝም፤ ከየችሎቱ ውሳኔ ተለቅሞ የሚገኝ ነው።

ከጎበሳ የሚነሣ ሌላ ጥያቄ አለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ አዋጅ ቁጥር 130 ባለይዞታው ከመሬቱ እስከ ግማሽ ያህሉን እንዲያከራይ ሲፈቅድ፣ ዘመኑን ለባህላዊ እርሻ እስከ 3፣ ለዘመናዊ እርሻ እስከ 15 ዓመት ወስኖ ነበር። በአርሲ ደጋ ግን በበሬ ታርሶ የተዘራ ስንዴ በኪራይ ኮምባይነር ሲታጨድ ይታያል። እንዲህ ያለው እርሻ ባህላዊ ነው ወይስ ዘመናዊ? ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ አንዲት ባልቴት መሬቷን ለ3 ዓመት ወይስ ለ15 ዓመት ከእጅዋ እንደምታወጣ የሚወስን ነው። የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ከተተካ ወዲህ እነዚህን የቆዩ ውሎች እንደገና መመርመር የሚጠይቅ ሥራ አለ። አዲስ አበባ የተቀመጠ ተመራማሪ ብቻውን የሚወጣው አይደለም።

አርሲ በዚህ ረገድ ለሌላው አብነት የሚሆን ታሪክ አላት። በ1960 ዓ.ም. ዋዜማ በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ ከዘርና ከማዳበሪያ ሌላ የጥናት ጽሑፎችን በተከታታይ ቁጥር ያወጣ ነበር። ትራክተር በገባበት ስፍራ ባለመሬቱ ራሱ ማረስ ሲጀምር ጭሰኛው ይነቀል እንደ ነበር ከመዘገቡት መካከል እነዚሁ ጽሑፎች ይገኙባቸዋል። አጥኚዎቹ በአንድ ወረዳ የታየውን በሌላው ካገኙት ጋር ያስተያዩ ስለ ነበር ጥናቱ ክብደት አገኘ። እንደ እኔ አስተያየት የዛሬው የኮምባይነርና የኪራይ ጥያቄ የዚያ ጥናት ቀጥተኛ ዘመድ ነው።

እንግዲህ ትስስሩ ከምን ይጀምር? በአገራችን ልማድ ማኅበር ሲታሰብ አስቀድሞ የሚታሰበው መተዳደሪያ ደንብ፣ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴና ማኅተም ነው፤ ማኅተሙ ከተቀረጸ በኋላ ሥራው የሚረሳበት ጊዜም አይታጣም። የሚሻለው አምስት ወይም ስድስት ጀማሪዎች፣ ከባሕር ዳር፣ ከሐረማያ፣ ከጅማና ከአዲስ አበባ፣ አንድ የጋራ ጥያቄ መርጠው እያንዳንዳቸው ከአንድ ወረዳ ያለቁ መዝገቦችን ቢያሰባስቡ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሲስተናገድ የቆየው የምሥራቅ አፍሪካ የመሬት አስተዳደር መረብ ተቋማትን ያገናኛል፤ እዚህ የሚታሰበው ግን ረቂቁን ለማሳየት ሰው ያጣውን ግለሰብ የሚያገናኝ ነው። ረቂቁ ከመታተሙ በፊት ሁለት ባልንጀሮች ያንብቡት፤ ቢቻል አንደኛው አፋን ኦሮሞ የሚያነብ ይሁን።

የውሳኔዎቹ ፍሬ ነገር በሁለቱ የአገር ቋንቋዎች በአንድ ገጽ ተጠቃሎ አሰላ በሚገኘው በአርሲ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ የጎበሳ ዳኛና የመሬት ጽሕፈት ቤት ባለሙያም ሊጠቀሙበት ይችላሉ። መዝገቡን ፈልጎ ያወጣው የወረዳ ሠራተኛ በጽሑፉ ላይ ስሙ ይጠቀስ። የተከራካሪዎቹ ስምና የማሳው አዋሳኝ ግን ከጥቅሉ ይውጣ፤ በትንሽ ቀበሌ አዋሳኝ ከተጠቀሰ ስም የተጠራ ያህል ነውና።